ሳን ሆዜ ያለቀስኩት ለቅሶ

አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያ የተዋናይነት ሥራዬ ሬሳ መሆን ነበር። ኦክላንድ ወደቡ አካባቢ አንድ መጋዘን ውስጥ የቴሌቪዥን ድራማ ይቀረጻል። ሥራ የምታፈላልግልኝ ኤጀንት ጠዋት ኮል አድርጋ ቁመቴን ጠየቀችኝ፤ ቀጥላ ሳልነቃነቅ መተኛት እችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። እችላለሁ አልኳት። አዲስ አበባ መድረክ ላይ ንጉሥም ሽፍታም ሆኜ የሠራሁ ሰው መተኛት ያቅተኛል?

የብረት አልጋ ላይ አጋደሙኝ። ሜካፕ የምትሠራው ልጅ ከንፈሬን ሰማያዊ ቀባችኝና የእግሬ አውራ ጣት ላይ ካርድ አሰረች። ረዳት አዘጋጁ መጥቶ መመሪያ ሰጠኝ፦ አክሽን ሲባል ትንፋሽ ትይዛለህ፣ ከት እስኪባል ሆድህ እንዳይነሳ። ብረቱ አጥንት ድረስ ይቀዘቅዛል። መርማሪ ሆኖ የሚሠራው ዋናው ተዋናይ በላዬ ቆሞ ቃሉን እየረሳ ደጋግሞ አስጀመረን። እኔ እንደሞትኩ ጠበቅኩት።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ሐዋ የከንፈሬን ቀለም አይታ ደነገጠች። ስነግራት ደግሞ ተቆጣች፤ በራስህ ላይ ታሟርታለህ ብላ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ። ደሴ ያለችው እህቴ ዘይነብ ግን በስልክ ስነግራት ሆዷን እስኪያማት ሳቀች። እናታችን ስትሞት ገና ልጅ ስለነበርኩ ያሳደገችኝ ዘይነብ ናት። ቲያትር ልሥራ ባልኩ ጊዜ ዘመድ ሁሉ ሲቃወም፣ "ተውት፤ መዋሸቱ ካልቀረ ተከፍሎት ይዋሽ" ያለችው እሷ ናት።

ከሬሳነት ቀስ በቀስ ነው ያደግኩት። ታክሲ ሹፌር ሆንኩ፤ ያኔ በእውነትም ታክሲ ስለምነዳ ልምምድ አላስፈለገኝም። ዘበኛ ሆንኩ፣ ስደተኛ ሆንኩ፣ ጠመንጃ የያዘ የጦር አበጋዝ ሆንኩ። እንደ ሱዳን፣ እንደ ሶማሌ፣ አንድ ጊዜም እንደ ናይጄሪያ ሰው ተናገር ተብያለሁ። ሲጨንቀኝ በአማርኛ ስለምኖርበት ስለ ሳን ሊያንድሮ የቤት ኪራይ አማረርኩላቸው፤ ፐርፌክት ብለው አለፉት።

በዚህ ሥራ ማዕረግ አለ። ኤክስትራ ከሁሉ በታች ነው፤ ስም የለውም፣ ምሳም መጨረሻ ነው የሚደርሰው። የሚናገረው ቃል የተሰጠው ተዋናይ መቀመጫ ያገኛል። ስሙ የተጻፈበት ወንበር ያለው ደግሞ ሌላ ፍጡር ነው፤ እሱ ሲመጣ ሰው መንገድ ይለቃል። እኔ ቃል እስካገኝ ብዙ ጊዜ ቆሜያለሁ።

መድረክ ላይ የመለሰኝ ፈርገስ ነው። ፈርገስ የስኮትላንድ ሰው ነው። አገሩ ውስጥ ለዓመታት የቴሌቪዥን መርማሪ ፖሊስ ሆኖ ስለሠራ፣ ሰዎች መንገድ ላይ እያስቆሙ ብስክሌታችን ጠፋብን ይሉት ነበር አሉ። ሚስቱን ተከትሎ ኦክላንድ መጣ፤ እዚህ የሚያውቀው የለም። አፕታውን በሚባለው ሰፈር ከአንድ ባር በላይ ባለች ትንሽ ቲያትር ቤት ያዘጋጃል፣ ይተውናል፣ ወንበርም ይደረድራል። ሁለታችንም እንግሊዝኛ እንናገራለን፤ ሁለታችንንም አሜሪካኖቹ ድገሙት ይሉናል። በዚህ ነው የተዋደድነው።

መጀመሪያ ያስተማረኝ ማልቀስ ነው። ልምምድ ላይ ደረቴን እየመታሁ በትልቅ ድምፅ አለቀስኩ፤ አዲስ አበባ እንዲህ ሲለቀስ አዳራሹ ያጨበጭባል። ፈርገስ አስቆመኝ። የእውነት የሚያለቅስ ሰው ማልቀስ አይፈልግም፣ እንባውን ለመያዝ ነው የሚታገለው አለኝ። አንተ ትግሉን ሥራው፣ እንባው ራሱ ይመጣል አለኝ። ወላሂ፣ ስንት ዓመት መድረክ ላይ ቆሜ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ያ ትምህርት የሳን ሆዜውን ሥራ አመጣልኝ። እዚያ ያለ አንድ ሆስፒታል ተለማማጅ ሐኪሞቹን መርዶ መንገር ያስተምራል፤ ቤተሰብ መስሎ መርዶውን የሚቀበል ተዋናይ ይፈልጋሉ። ኬዝ የሚባል ወረቀት ይሰጡሃል፤ ስምህ፣ ሥራህ፣ ማን እንደሞተብህ ተጽፎበታል። ሁለት ወንበርና አንድ ፓኮ ሶፍት ያለበት፣ ጣሪያው ላይ ካሜራ የተገጠመበት ክፍል ውስጥ ትቀመጣለህ። ተማሪው አንኳኩቶ ይገባል፣ ይነግርሃል፣ ታለቅሳለህ። ሲወጣ ፊትህን ጠርገህ ውሃ ትጠጣለህ፤ ቀጣዩ ያንኳኳል። ባለቤቴ በመኪና አደጋ ሞታብኛለች፤ ወንድ ልጅ የለኝም፣ ወንድ ልጄ ግን ቀዶ ጥገና ላይ ሞቶብኛል። ጠዋት የሞተው ከሰዓት ይደገማል።

የምታስተምራቸው ሐኪም ደንቧ ጥብቅ ነው። ሞተ የሚለው ቃል በግልጽ ይነገር፤ አረፈ፣ አጣነው እያሉ ማድበስበስ የለም። ሲያልቅ ከሚናዬ ወጥቼ እኔም አስተያየት እሰጣለሁ። ብዙዎቹ ዓይን ማየት ስለሚከብዳቸው ግንባሬን ያያሉ። ግንባሬን ያየ ተማሪ ገና አፉን ሳይከፍት ምን ይዞ እንደመጣ አውቃለሁ። ይህን ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ፤ ዓይን እዩ፣ ግንባር ላይ የተጻፈ ነገር የለም እላቸዋለሁ።

የእኛ መርዶ ሌላ ነው። ሰው አገር ቤት ሲሞትበት በስልክ አይነገረውም፣ ሥራ ቦታ አይነገረውም። ሽማግሌዎች ይሰበሰቡና ማለዳ፣ ከቤቱ ሳይወጣ፣ በሩን ያንኳኳሉ። እስከዚያ ወዳጅ ዘመድ አፉን ይዘጋል። ስልኩን ይደብቁበታል፣ ፌስቡክ እንዳያይ ያደርጉታል፣ እየሳቁ ራት ያበሉታል። የተቆረጠለት ቀን እስኪደርስ ቤቱ በሙሉ ቲያትር ነው።

ሳን ሊያንድሮ ውስጥ መርዶ የሚመሩት ጋሽ ተስፋይ ናቸው። አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ የኖሩ፣ ጋራዥ ያላቸው ትልቅ ሰው ናቸው፤ እስላም ክርስቲያን ሳይሉ ሁሉም ቤት ይሄዳሉ። አንተ ፊትህን መግዛት ትችላለህ ብለው እኔን አስከተሉኝ። ከዚያ በኋላ ሰዉ እኔን መፍራት ጀመረ። ሚልፒታስ የምትኖር አንዲት የኤርትራ ሴት ነበረች፤ የተዋስነውን ድስት ልመልስላት ወደ ሥራ ሳልፍ ማለዳ በሯን አንኳኳሁ። ከፍታ ስታየኝ "ማን ነው? እናቴ ናት?" ብላ ደፉ ላይ ቁጭ አለች። ድስቱን ከፍ አድርጌ አሳየኋት። ለማመን ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ ወዲህ ቀድሜ ቴክስት ሳላደርግ ማለዳ ሰው ቤት አልሄድም።

አንድ ቀን ፈርገስ ሳን ሆዜ ላይ እንዴት ደጋግሜ ማልቀስ እንደምችል ጠየቀኝ። ዘዴዬን ነገርኩት። ተማሪው ሲገባ ዘይነብን አስባለሁ። ደሴ ቤቷ፣ ፍራሽ ላይ፣ ነጭ ተከናንባ፣ አንድ እግሯ ከነጠላው ወጥቶ። ቁርጭምጭሚቷ ላይ የልጅነት የእሳት ጠባሳ አለ፤ ልክ ጠባሳው ጋ ስደርስ እንባው ይመጣል። አንድም ቀን እምቢ ብሎኝ አያውቅም አልኩት፤ እንደ ሙያ ምስጢር ነው የነገርኩት።

ፈርገስ ብርጭቆውን አስቀመጠ። "በሕይወት አለች?" አለኝ።

"አለች እንጂ። ትናንት አውርተናል።"

"እንግዲያው አቁም። የራስህን ሰው ለሥራ አታምጣ። ሰው ፍጠር።"

ፈረንጅም ሟርት ይፈራል ለካ ብዬ ሳቅኩበት። የፈጠርኩት ሰው አያስለቅሰኝም፤ እሷ ታስለቅሰኛለች። የሚሠራ ነገር ለምን ይቀየራል አልኩ። ልጄ ሩቂያም ዘዴውን ታውቀዋለች። ኮሌጅ እያለች ሶፋው ላይ ኬዙን ይዛ፣ ሐኪም ሆና ታለማምደኝ ነበር። መጀመሪያ ትንፋሽ ይቆረጣል፣ እጅ ወደ አፍ ይሄዳል፣ አንገት ይደፋል፣ ከዚያ እንባ። ሲያምር ጉድ ዋን ትለኛለች፣ ሳይሞላልኝ ሲቀር ዋን ሞር ታይም።

ባለፈው ዓመት ፈርገስ አዲስ ተውኔት አመጣ። ከቤቱ ሊባረር ስለተቃረበ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሹፌሩ እኔ ነኝ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከመድረክ አልወርድም። ሬሳ ሆኜ በጀመርኩበት ከተማ ዋና ተዋናይ ሆንኩ። በትንሽ ቲያትር ቤት ተተኪ ተዋናይ የሚባል ነገር የለም፤ እኔ ከቀረሁ ትርኢት የለም። ሐዋ የመስጊዱን ሴቶች፣ ጋሽ ተስፋይ የቤተ ክርስቲያናቸውን ሰዎች አስተባብረው የመጨረሻውን ቅዳሜና እሁድ ቲኬት ገዙት።

ዘይነብ ስኳር ነበረባት፤ በዚያ ሰሞን ኩላሊቷም ደክሞ ነበር። ትቼ ልምጣ አልኳት። "ወንድሜን ዋና ሰው አደረጉት ብዬ ለጎረቤት አውርቼ? ጨርስና ና። ሹፌሩን እዚህ እኔ ፊት ትሠራዋለህ" አለችኝ። ትርኢቱ ባለቀ በሦስተኛው ቀን የሚነሳ የአውሮፕላን ቲኬት ቆረጥኩ።

ሁልጊዜ አርብ ከጁምዓ መልስ እደውልላት ነበር። ትርኢቱ በተጀመረ ሰሞን አንድ አርብ ስደውል ልጇ ፋጡማ አነሳችና ተኝታለች አለችኝ። በነጋታው ድምጿ ተዘግቷል አለችኝ። ከዚያ ኔትወርክ የለም ሆነ። ሰው ይታመማል፣ ይተኛል፣ ኔትወርክም ይጠፋል። አመንኩ። ማመን ነበር የምፈልገው።

አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ ወደ ቲያትር ቤት ልወጣ ጫማዬን ሳጠልቅ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልኬ ጠራ። ሩቂያ ከኩሽና ሮጣ መጥታ ቀድማኝ አነሳችውና ዘጋችው። "ስፓም ነው፣ አባ" አለች። ቀና ስል ግንባሬን እያየች ነው።

አወቅኩ። ይህን እይታ አውቀዋለሁ፤ የሚከፈለኝ ለእሱ ነው።

ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር፤ አፏ ላይ ደርሷል። ከነገረችኝ ደግሞ ለቅሶ እቀመጣለሁ፣ ትርኢቱ ይዘጋል። ዘይነብ እንደሆነ በሞተችበት ቀን ተቀብራለች፤ ብበርም የምደርሰው አፈሩ ላይ ነው። የቀረላት ነገር የእኔ ማልቀስ ብቻ ነው፤ እሱን ማቆየት ይቻላል ብዬ አሰብኩ። "ሻይ አለ?" አልኳት። "የስ፣ አባ" ብላ ቀዳችልኝ። ቆሜ ጠጥቼ ወጣሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ሁሉም ይተውናል። ሐዋ ኩሽና ገብታ ቧንቧ ከፍታ ታለቅሳለች፤ እኔ እንዳልሰማት የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደርጋለሁ። ጋሽ ተስፋይ ኮል አድርገው ስለ መኪናዬ ፍሬን ይጠይቁኛል፤ ስለ ፍሬን እንነጋገራለን። ሐዋ ለዘይነብ የምወስድላትን ቀሚስ ገዝታ ሻንጣ ውስጥ ስታስገባ አየኋት። ያማረ ነው አልኳት። ሰው የሚችለው ነገር አያልቅም።

በመሃል ሳን ሆዜ ሥራ ነበረኝ፤ ብቀር ይጠረጥሩኛል ብዬ ሄድኩ። ኬዙ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው። ተማሪዋ ገባች፣ ተቀመጠች፣ ጎበዝ ናት፣ ዓይኔን እያየች ነገረችኝ። ዘይነብን አሰብኩ። ፍራሹ፣ ነጠላው፣ እግሯ፣ ጠባሳው። እንባው በሰዓቱ መጣ። ልክ እንደ ሌላው ጊዜ ነበር፤ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ተማሪዋ ራሷ አለቀሰች፣ አስተማሪዋ እጄን ጨብጣ አመሰገነችኝ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ፈራሁ። እህቴ በእውነት ሞታ ልዩነት አላመጣችም።

የመጨረሻው ትርኢት እሁድ ከሰዓት ነበር። የፊተኛውን ረድፍ የሞሉት የእኛ ሰዎች ናቸው፤ እንግሊዝኛ የማይሰሙም አሉበት። ሹፌሩ የቤቱን ቁልፍ የሚያስረክብበት ቦታ ላይ ወደ ተመልካቹ እዞራለሁ። ዞርኩ። ረድፉ በሙሉ ግንባሬን ያያል። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ምንም የማያውቀው ሰውዬ እኔ እንደሆንኩ አምነው ነው የተቀመጡት። ቃሌን ጨረስኩ። ቆመው አጨበጨቡ፤ ሲያቅፉኝ እያንዳንዳቸው ትንሽ ቆዩብኝ።

ሰኞ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ፈጅር ሰግጄ ልብሴን ለብሼ ነበር የጠበቅኳቸው። ጋሽ ተስፋይ ኮፍያቸውን አውልቀው ከፊት ናቸው፤ ከኋላቸው የመስጊዱ ኢማምና ጎረቤቶች። "ምነው በሰላም?" አልኳቸው፤ ማለት ያለብኝ እሱን ነው። ተቀመጥ አሉኝ። ሐዋና ሩቂያ በሁለት በኩል ያዙኝ።

"ሰይድ፣ ወንድሜ፣ እንግዲህ ሁላችንም ሟች ነን" አሉ ጋሽ ተስፋይ። "እህትህ ዘይነብ አርፋለች። እግዚአብሔር ያጥናህ።"

ኢማሙ ኢናሊላሂ አሉ። አርፋለች ነው ያሏት፤ የሳን ሆዜዋ ሐኪም ብትሰማ ነጥብ ትቀንስባቸው ነበር። ጭንቅላቴ በዚያች ሰዓት ያመጣልኝ ይህንን ነው። ሰዉ እየጠበቀኝ ነው። ያንን ሁሉ ቀን ስለ እኔ ሲሉ ደብቀው ደክመዋል፤ አውቄ ነበር ብዬ ላሳፍራቸው አልችልም። ለቅሶዬን በውስጤ ፈለግኩ፤ ዝም ብሎ ባዶ ነው። ከዚያ ፍራሹን አሰብኩ። ነጠላውን። እግሯን። ጠባሳው ላይ ስደርስ ትንፋሼ ተቆረጠ፣ እጄ ወደ አፌ ሄደ፣ አንገቴ ተደፋ፣ እንባዬ መጣ። ጋሽ ተስፋይ ይውጣልህ፣ አልቅስ፣ አይዞህ ይሉኛል። ሴቶቹ ለቅሶውን ተቀበሉኝ።

ሩቂያ ጆሮዬ ስር ጎንበስ አለች። ሌላ ሰው እንዳይሰማ በጣም ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

"አባ፣ ይሄ እኮ የሳን ሆዜው ነው።"

እጄ አፌ ላይ እንዳለ ቀረ። ለቅሶውም ቆመ። ሰዎቹ ደንግጦ ነው ብለው ውሃ አመጡልኝ። ሩቂያ ትከሻዬን አልለቀቀችም፤ የምታለቅሰው ግን እሷ ነበረች። አክስቷን በስልክ ብቻ ነው የምታውቃት፤ የእሷ እንባ የእውነት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ፈርገስ መጣ። ጉልበቱን ያመዋል፣ ግን ሰዉ መሬት እንደተቀመጠ አይቶ ከጎኔ መሬት ተቀመጠ። ነግረኸኝ ነበር እኮ፣ አልሰማሁህም አልኩት፤ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። እሱም ስለ አባቱ ነገረኝ። ወጣት ሳለ ቴሌቪዥን ላይ ማልቀስ ባስፈለገው ቁጥር አባቱን በሐሳቡ ይገድል ነበር። አባቱ የሞቱ ቀን ቀብር ላይ ቆሞ፣ የት ላይ ትንፋሽ እንደሚወስድና ካሜራው ቢኖር ከየት እንደሚያየው ሲያሰላ ራሱን አገኘው። ከዚያስ አልኩት። "ከዚያማ ምንም። እንባው አልመጣም" አለኝ።

በቆረጥኩት ቲኬት ደሴ ሄድኩ። የዘይነብን ቀሚስ ለፋጡማ ሰጠኋት። መቃብሩ ላይ ቆሜ ዱዓ አደረግኩ፤ እታለም ብዬ ጠራኋት፤ ሹፌሩን ልሠራላት አስቤ ነበር፣ አፌ አልከፈት አለ። ፋጡማ አጠገቤ ቆማ ስታለቅስ እኔ ደረቅ ዓይኔን ይዤ ቆሜያለሁ። አሜሪካ አደነደነው ብላ ይሆናል፤ ላስረዳት ምን ብዬ እጀምራለሁ?

አሁንም ሳን ሆዜ እሠራለሁ። የማለቅሰው ለአንድ ያልነበረ ሰው ነው፤ ኢብራሂም ብዬዋለሁ፣ ሰዓት ጠጋኝ ነው፣ በግራ ጆሮው አይሰማም። እንባው ይዘገያል፣ አንዳንድ ቀንም አይመጣም። አስተማሪዋ ሐኪም እንደ ድሮው አይደለህም ብላኛለች። እውነቷን ነው።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ ልጆች የምለው ይህን ብቻ ነው። ለሥራ የምታለቅሱለትን ሰው ፈጥራችሁ ያዙ፤ የራሳችሁን ሰው ቤታችሁ ተዉት። እህቴን እስከ ዛሬ አላለቀስኳትም።